የአጎቴ መዝሙርና የእኔ ማጅራት

«ተዘምሯል ብያለሁ፣ ተዘምሯል!» አሉ አጎቴ ኤድኒቬድ። ለመሄድ ቆባቸውን ያጠልቁና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው መልሰው ያወልቁታል። «አንድ መዝሙር በአንድ ፕልገይን ሁለት ጊዜ አይዘመርም። አያቴ አልደገሙትም፣ አባቴ አልደገሙትም፣ እኔም ለአንተ ካሜራ ብዬ አልደግመውም።»

«አጎቴ፣ ፕልገይኑ እኮ አልቋል» አልኳቸው። «ቄሱ አሳርገዋል፤ ወንዶቹም የመዝጊያውን ዘምረዋል። ስለዚህ አሁን ቢዘምሩ መድገም አይባልም።»

«ካላለቀ መድገም ነው። ካለቀ ደግሞ ያለ ፕልገይን መዘመር ነው። የቱን ኃጢአት ነው የመረጥክልኝ?»

«እውነታቸውን ነው» አለ ግሊን ፖስተኛው፣ ከኋላቸው ቆሞ። ግሊን በአጎቴ ቡድን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው ነው። ለእኔ የሚያዝንልኝ ሰው አይደለም፤ ምክንያት አለው፣ እደርስበታለሁ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል» አለችው ሎውሪ። ሎውሪ የአጎቴ ልጅ ናት፤ አስተማሪ ናት፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ የቡድኑም ሦስተኛ ድምፅ እሷ ናት። «አባዬ፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው። ሰማንያ ሰው አዳራሽ ውስጥ ማንኪያ ይዞ ይጠብቀናል።»

«ይጠብቅ! ቆሞ ያስቆመኝ እሱ ነው እንጂ እኔ ነኝ?»

እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ። የፊልሙ ዳይሬክተር ነኝ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ይህ ሁሉ ሳይሆን በፊት፣ ይህን ቃል ለራሴ ደጋግሜ ስለው በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በፕልገይን፣ በቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ማታ፣ አስተዋዋቂ የለም፣ ጭብጨባም የለም። የገና ሰሞን ከየሸለቆው የመጣ ቡድን ሁሉ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይቆያል፤ ተራዬ ነው ያለው ይነሳል፣ ወደ ፊት ይሄዳል፣ በአንዲት ደብተር ዙሪያ ግንባር ለግንባር ገጥሞ የልደት መዝሙሩን ይዘምራል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። አንዱ የዘመረውን ሌላው አይዘምረውም። የአጎቴ ቡድን መዝሙር ደግሞ አሥራ አንድ አንጓ ያለው፣ በቅድመ አያቴ እጅ የተጻፈ፣ ከእኛ ቤት ቡድን ሌላ ማንም የማይዘምረው ነው። አጎቴ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። እንዲቀረጹ ለማስፈቀድ ከመስከረም እስከ ኅዳር ለምኛለሁ፤ ሁለት ጊዜ በጎቻቸውን አብሬያቸው አስከትቤያለሁ። በመጨረሻ ሲፈቅዱ «አንዴ ነው» አሉኝ። «አታስቆመኝም፣ አትጮህብኝም፣ መብራትህን አታንቀሳቅስም። አንዴ።» እኔም እሺ አልኩ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር፤ ስለ ራሴ መናገር እንደሆነ ልማዴ ነው።

በአሥራ ስምንት ዓመቴ ከሸለቆአችን ከኩም ሂርዲ ወጥቼ ዋና ከተማው ካርዲፍ የትወና ትምህርት ቤት ገባሁ። የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ሥራዬ ሬሳ መሆን ነበር። ከሐይቅ ጎትተው አወጡኝና ሣር ላይ አጋደሙኝ፤ ፖሊሶቹ ከበላዬ ቆመው ሲነጋገሩ የግራ ዓይኔ ቆብ ርግብግብ አለች። በሸለቆው ቴሌቪዥን ያለው ሁሉ አየ፤ የሌለው ደግሞ ጎረቤት ሄዶ አየ። በእኛ አገር ስሙ ጆንስ ያልሆነ ሰው ስሙ ዴቪስ ስለሆነ ሰው የሚታወቀው በሥራው ነው፤ ግሊን ፖስተኛው፣ ሂው ወተቱ እንደሚባለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሬሳው ሜይሪግ ሆንኩ። እናቴ እንኳ በስልክ «ማነው?» ስትል «እኔ ነኝ» ካልኳት «ሬሳው ነው» እያለች መቀበያውን ለአባቴ ታቀብል ነበር።

ቀጥሎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ተከታታይ ድራማ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ተወንኩ። ነጭ ካፖርት ለብሼ የላም ሆድ ዳበስኩ። ከጊዜ በኋላ ገበሬዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ ስለ ከብቶቻቸው ያማክሩኝ ጀመር። ጨዋ ሰው ቢሆን «እኔ ተዋናይ ነኝ፣ አላውቅም» ይላል። እኔ ግን አማክር ነበር። ግሊን አንዲት እግሯ የቆሰለ በግ ይዞ ሲመጣ፣ በድራማው ውስጥ በምጠቀምበት ረጋ ባለ ድምፅ፣ ሰኮናዋን እያገላበጥኩ «በሞቀ የጨው ውኃ እጠባትና ደረቅ ቦታ አሳድራት» አልኩት። በጓ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ግሊን ይህን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ ግን ደብዳቤ ሲያቀብለኝ ሁልጊዜ በግራ እጁ ነው።

ደሞዝ ይጨመርልኝ ብዬ በጠየቅሁ በወሩ ደራሲዎቹ በሬ አስወግተው ገደሉኝ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ በእኔ ታሪክ ሣሩን አይቼ ገደሉን ያላየሁት እኔ ነኝ፤ በሬውማ ድርሻውን በሚገባ ተወጥቷል። አንድ ጋዜጣ «በትዕይንቱ ውስጥ አሳማኝ የሆነው ብቸኛ ገጸ ባሕርይ» ብሎ የጻፈው ስለ በሬው ነበር።

ሥራ ያጣ ተዋናይ ሦስት ምርጫ አለው፤ ማስተማር፣ መጠጣት፣ ወይም ዳይሬክተር መሆን። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሞክሬያቸዋለሁ። በሃምሳ አራት ዓመቴ የራሴን ፊልም ጻፍኩ። ልጅ አባቱን ሊቀብር ወደ መንደሩ ይመለሳል። የእኛ አገር ፊልም ሁሉ እንደዚያ ነው፤ አባቱ ካልሞተ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ፊልሙ የሚያልቀው ግን ሌሎቹ በማያልቁበት ነገር ነበር፤ በአጎቴ ፊት። ሌላ ምንም የለም፤ የሚዘምር የአንድ ሽማግሌ ፊት፣ አሥራ አንድ አንጓ። በዚያ መጨረሻ ነው ፕሮዲውሰሯን ኔሪስን ያሳመንኳት፤ እሷም በዚያው ነው የቴሌቪዥን ጣቢያውን አለቆች ያሳመነቻቸው። ስትፈርምልኝ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ። «ሜይሪግ፣ የኔ ቆንጆ» አለችኝ፤ ኔሪስ ሰውን ሁሉ የኔ ቆንጆ ነው የምትለው፣ የቀረጥ ሰብሳቢውንም ጭምር፣ «ፊልሙ ውስጥ እንዳትታይብኝ።»

«ምን በወጣኝ!» አልኳት።

እንግዲህ በዚያ ቀን ካሜራው ከኋላ በኩል፣ ከምሰሶው አጠገብ ቆሟል። ካሜራ ማኑ ቲዲር አንዲት ትንሽ መብራት ብቻ ነው የሰቀለው፤ የምትወድቀው ዘማሪዎቹ በሚቆሙባት ቦታ ላይ ነው። እኔ ቦታዬ ከቲዲር አጠገብ መሆን ነበረበት። ሆኖም «ከሕዝቡ መሃል ሆኜ ብሰማው ይሻላል» አልኩና ሄጄ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ጥጉ ጋ፣ ጨለማው ውስጥ ተቀመጥኩ። ከዚህ በኋላ የሆነውን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ላለማወቅ ግን ብዙ ሞክሬያለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ተዋናይ የሆነ ሰው መብራት ከየት እንደሚመጣ በቆዳው ያውቃል። አጎቴ የመጀመሪያውን አንጓ ሲያነሱ ግራ ጉንጬ በረደው። በተቀመጥኩበት ትንሽ ተንሸራተትኩ። ሁለተኛው አንጓ ሳያልቅ ሙቀቷ ጆሮዬ ላይ ደረሰች። ትንሽ ደግሞ ጨመርኩ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። አንዴ ዞር ብዬ ሳይ ቲዲር ሁለት እጁን እያወዛወዘ ምልክት ይሰጠኛል። አድናቆት መሰለኝና ራሴን ነቀነቅሁለት።

ሕዝቡ ወደ አዳራሹ ለእራት ከወጣ በኋላ በትንሿ ስክሪን አየነው። ድምፁ ጥርት ብሎ ተቀድቷል። በስክሪኑ መሃል፣ የአጎቴ ፊት መሆን በነበረበት ቦታ፣ ክብ የሆነ፣ የሚያበራ፣ ፀጉር የሌለው ነገር አለ። በግራ የሎውሪ ትከሻ፣ በቀኝ የግሊን ክርን።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አጎቴ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

«ጨረቃ ናት» አለ ግሊን። «ሙሉ ጨረቃ ወጥታለች።»

ሬሳው የሚባለው ስሜ የሞተው ያን ጊዜ ነው። ጨረቃው ሜይሪግ እስከ ዛሬ አለ።

ኔሪስ አልሳቀችም። «ይሄ ያንተ ራስ ነው?» አለችኝ። «ሜይሪግ፣ አሥራ አንዱንም አንጓ?»

«ስድስተኛው ላይ ያስነጥሰውና ትንሽ ዝቅ ይላል» አለ ቲዲር። «ወዲያው ግን ይመለሳል።»

ጠቡ የተጀመረው እንግዲህ ከዚህ ነው። መጀመሪያ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ቲዲር ላይ ጮህኩ፤ ቲዲርም «አታስቁም፣ አትጩህ፣ አትንቀሳቀስ ያልከኝ አንተ ነህ» አለ። ቀጥሎ አጎቴን አንዴ ይድገሙልኝ አልኩ፤ እሳቸውም ከላይ የተጻፈውን አሉ።

ኔሪስ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «ስማኝ። ነገ ጠዋት ዕቃው ሁሉ ወደ ካርዲፍ ይመለሳል። ከነገ በኋላ አንድም ቀን የለንም። አለቆቹ የገዙት መጨረሻውን ነው፤ የቀረውንማ አላነበቡትም። መጨረሻ የሌለው ፊልም ይዤ ብሄድ እምቢ ይሉኛል፣ ፊልሙም መሳቢያ ይገባል። ያን ጊዜ ሁለተኛ ፊልም የሚሰጥህ ሰው አይገኝም። ገባህ፣ የኔ ቆንጆ?»

ገብቶኛል። በሃምሳ አራት ዓመቴ ሣር ላይ ተጋድሜ ዓይኔን ጨፍኜ ታየኝ።

የመጣልኝ ብልሃት የተዋናይ ብልሃት ነበር። «አጎቴ» አልኳቸው፣ «አይዘምሩም። አንድም ድምፅ አያወጡም። ድምፁ ተቀድቷል፤ በማጉያው እናሰማዎታለን። እርስዎ አፍዎን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። መዝሙር እኮ አይደለም፤ አፍ ማንቀሳቀስ ነው።»

ግሊን ነገሩ ጣፍጦት ቀረብ አለ።

«ድምፅ የሌለው መዝሙር መዝሙር ነው ወይስ አይደለም?» አለ። «ይሄ ጥያቄ ነው። ሰው በልቡ ቢሰድብ ስድብ ነው። በልቡ ቢዘምርስ?»

«በልቡ አይደለም፣ በከንፈሩ ነው» አለች ሎውሪ።

«ሳይዘምር የዘመረ መምሰል ደግሞ ውሸት ነው። መድገም ይሻላል ወይስ መዋሸት?»

«ቄሱን እንጠይቅ» አልኩ፣ ተስፋዬ እያንሰራራ። ቄሱ ከአዳራሹ ቁራሽ ዳቦ እያኘኩ ተጠርተው መጡ። እንግሊዝ አገር የተወለዱ፣ ሰላማዊ፣ ረጅም ሰው ናቸው። ነገሩን በትዕግሥት ሰሙና «እኔ እዚህ ከመጣሁ ገና አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው» አሉ። «ስለ ፕልገይን አስተያየት መስጠት ከጀመርኩ እንዴት እንደምኖር እንጃ። ስለ ሥላሴ ጠይቁኝ፣ እሱ ይቀላል።» ዳቧቸውን ይዘው ተመለሱ።

አጎቴ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ና» አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«መዝሙሩን ቀድተኸዋል አይደል?»

«ቀድቼዋለሁ።»

«ጥሩ ነው የወጣው?»

«በሕይወቴ እንደዚህ አድርገው ሲዘምሩ ሰምቼዎት አላውቅም።»

«እንዲያ ከሆነ ፊቴን ምን ያደርግልሃል?»

«ፊልም ነው፣ አጎቴ። ሰው ማየት አለበት።»

«አባትህ ሠላሳ አንድ ዓመት ግሊን የቆመባት ቦታ ላይ ቆሟል። ፊቱን አይተኸው ታውቃለህ? ሲዘምር ማለቴ ነው።»

አሰብኩ። አላየሁም። እኛ ልጆቹ የምናየው ጀርባውን ነበር፤ ለእሑድ ብቻ የሚለበሰውን ጥቁር ኮት፣ ደብተሩ ላይ ጎንበስ ያለውን ትከሻ። መዝሙሩ ከዚያ ከተጠጋጋው ጀርባ ውስጥ ነበር የሚወጣው። በአሥራ ስምንት ዓመቴ እሱን ልተካ ሲጠበቅ ወደ ካርዲፍ የሄድኩት እንደ እውነቱ ከሆነ ለዚህ ነበር፤ ጀርባዬን ሰጥቼ መዘመር አልፈለግሁም። ለወላጆቼ የነገርኳቸው ምክንያት ከዚህ ያማረ ነበር።

«ለሕዝቡ አይደለም የምንዘምረው» አሉ አጎቴ። «ሕዝቡ እንዲሰማ ይፈቀድለታል፣ ያ ነው። አሁን አንተ ይሄን ሁሉ ሽቦ ዘርግተህ...» ሳይጨርሱት ተዉት። ወደ እኔ ዞሩና አዩኝ። «ካልሆነልህ ምን ይሆናል?»

ያን ጊዜ መዋሸት እችል ነበር፤ ሙያዬ ነው። እንደምንም እውነቱን ተናገርኩ። «አለቀልኝ፣ አጎቴ። ከዚህ ሌላ የቀረኝ ነገር የለም። እባክዎ።»

ድምፄ መሃል ላይ ተሰበረ። ሆን ብዬ እንዳልሆነ ልምል እችላለሁ፤ ቢሆንም ስንት ጊዜ ሆን ብዬ እንደሰበርኩት ስለማውቅ አልምልም።

«አባትህ እንኳ ለምኖኝ አያውቅም» አሉ አጎቴ። ከዚያም በወንበሩ ጠርዝ ተደግፈው ተነሱ። «ሎውሪ፣ ነይ። ግሊን፣ ና። አፋችንን እናንቀሳቅስለት።»

«አባዬ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ነይ ብያለሁ።»

ቲዲር ካሜራውን አስጠጋ። እኔም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መቆም ባለብኝ ቦታ፣ ከካሜራው ጀርባ ቆምኩ። አጎቴ ፊታቸው እንዲታይ ዞር አሉ፤ ደብተሩን ዝቅ አድርገው ያዙት። እኔ ነኝ ዝቅ ያስደረግኋቸው። መብራቷ ሙሉ ፊታቸው ላይ ወደቀች፤ እያንዳንዱ መስመር ይታያል፤ ከዚህ የተሻለ ምስል በሕልሜም አላየሁ።

«አክሽን» አልኩ፣ በሹክሹክታ።

ማጉያው መዝሙሩን ለቀቀ። ሎውሪ አፏን ከፈተች፤ አስተማሪ ስለሆነች በጥንቃቄ፣ ፊደል እንደምታስቆጥር ሰው። ግሊን ድምፅ ሳያወጣ አፉን መክፈት ከቶ አልቻለበትም፤ ከከንፈሩ ሥር እንደ ድመት እም ይላል፣ ደንግጦ ይዘጋዋል፣ ደግሞ ይከፍተዋል። አጎቴ የመጀመሪያውን አንጓ አፋቸውን ገጥመው አሳለፉት። ሁለተኛው ላይ ከፈቱ።

ትክክል አድርገውታል። ከንፈራቸው ከድምፃቸው ጋር በሚገባ ገጥሟል። ቲዲር አውራ ጣቱን አነሳልኝ፤ ኔሪስ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰች። አጎቴ ለእኔ ብለው ጠንክረው እየሠሩ ነበር፤ ሦስተኛው አንጓ ላይ እንዲያውም ቅንድባቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ፣ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ ላኩ፣ አንገታቸውን ሰበቁ። አንድ ሰው እንዲያያቸው የሚፈልጉ ሰው ሆኑ።

ያን ፊት አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ስላጭ አየዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በላም አጠገብ የቆመው ፊት ነው። የቤተሰባችን አፍንጫ፣ የቤተሰባችን አገጭ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የእኔ ሙያ ተለጥፎበታል። አጎቴ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ተጠምቀው ባደጉበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ልክ እንደ እኔ መጥፎ ተዋናይ ሆነው ቆመዋል፤ ያደረግኋቸውም እኔ ነኝ።

አራተኛው አንጓ ሊጀመር ነበር።

«ከት» አልኩ።

ቲዲር አልሰማኝም፤ ወይም አላመነኝም።

«ከት! ማጉያውን አጥፋው። ይበቃል። ይቅርታ፣ አጎቴ። ይበቃል።»

«ምነው?» አሉ አጎቴ ደንግጠው። «ተሳሳትኩ? እንደገና ልሞክር እችላለሁ፤ አሁን ለመድኩት።»

ከቀኑ ሁሉ የከበደኝ ይህ «ለመድኩት» ነው።

«አልተሳሳቱም። ጨርሰናል።»

አጎቴ ጥቂት አዩኝ፤ ደብተሩን አጥፈው የውስጥ ኪሳቸው ከተቱት። የገባቸው ይመስለኛል፤ ባይገባቸውም አልጠየቁኝም። «ራበኝ» አሉ። ሎውሪ ክንዳቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። ግሊን ከኋላ እየተከተለ «ድምፅ ከወጣኝ ግን ዘምሬያለሁ ማለት ነው፤ እና ደግሜያለሁ ማለት ነው?» እያለ ሄደ።

ኔሪስ ቀረች። «ሜይሪግ» አለችኝ፤ የኔ ቆንጆ አላለችም። «ሦስት አንጓ ጥሩ ምስል ነበረን። ልክ መሃሉ ላይ አስቆምከው።»

«ጥሩ አልነበረም።»

«ማንም አያውቅም ነበር።»

«እኔ አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ። መጨረሻው የመጀመሪያው ይሁን።»

«የትኛው የመጀመሪያው?»

«የዘመሩበት።»

«ያንተ ማጅራት ያለበት?»

«እሱ።»

«ተመልካቹ ስምንት ደቂቃ ሙሉ መላጣ እያየ?»

«መዝሙሩን እየሰማ። መላጣው ደግሞ ሲሰማ እያየ። ሰውዬው አባቱን የቀበረው ልጅ ነው ብለው ያስባሉ፤ አርጅቶ።» ይህን የመጨረሻውን እዚያው ነው የፈጠርኩት፤ ኔሪስም እዚያው እንደፈጠርኩት አውቃለች።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሸች። «አለቆቹ የሚሉትን ልንገርህ? ምናልባት ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ምናልባት እምቢ ይላሉ። እኔ ልከራከርልህ እችላለሁ፤ ግን እንደምረታ ቃል አልገባልህም።»

«አውቃለሁ።»

«እሺ» አለች። «ዳይሬክተሩ አንተ ነህ።»

ሰው ጣሪያ ላይ ለወጣ ሰው «እግሩ የራስህ ነው» በሚልበት ድምፅ ነው ያለችው። እንደዚያም ሆኖ ከፈረመችልኝ ቀን ጀምሮ ይህን ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ቲዲር መብራቷን አወረደ፤ ሽቦዎቹን እየጠቀለልን ወደ መኪናው አመላለስን።

አዳራሹ ስገባ ሞቅ ብሎ ነበር። የበግ ሾርባው ለሁለተኛ ጊዜ ሞቆ፣ ዘቢብ የበዛበት ዳቦ በቅቤ ተቀብቶ በየሳህኑ ተደርድሯል፤ ትልልቆቹ የሻይ ማንቆርቆሪያዎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ግሊን ጥያቄውን ለሕዝብ አቅርቦታል። ሁለት ወገን ተፈጥሯል። አፍ ማንቀሳቀስ መዝሙር ነው የሚሉት በምድጃው በኩል፣ አይደለም የሚሉት በበሩ በኩል ተቀምጠዋል።

«ዲዳ ሰው አይዘምርም ልትል ነው?» ይላል አንዱ።

«ዲዳውን ተወው፤ አንተ ከዘጠና ሦስት ጀምሮ አፍህን እንጂ ድምፅህን ሰምተን እናውቃለን?»

«እኔ እኮ ጉሮሮዬን ታምሜ ነው!»

«ሠላሳ ዓመት?»

ሎውሪ ሾርባ ቀዳችልኝ፤ አጎቴ ከጠረጴዛው ራስ ሆነው የስልሳ ሁለትን በረዶ ያወሩ ነበር፤ በግንብ ሥር ተቀብረው ስለተገኙ ሰባት በጎች። ስድስት ናቸው የሚል ሰው ተገኘና ክርክሩ ከመዝሙር ወደ በግ ዞረ። እኔን ያየኝ የለም፤ ወይም አይተውኝ እዚያ መሆኔ ትርጉም አልሰጣቸውም። አፌን ከፍቼ ስለ በጎቹ አንድ ነገር ልል ነበር፤ ግሊንን ሳየው ተውኩት።

ሳህኔን ይዤ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄድኩ። እጇ አረፋ ውስጥ ያለች ሴትዮ ዘወር ሳትል ፎጣ አቀበለችኝ። ሳህኔን አደረቅሁ። ቀጥላ አንድ ስኒ ሰጠችኝ፤ እሱንም አደረቅሁ። አሥራ ሰባት ስኒ አደረቅሁ። «እዚያ መደርደሪያ ላይ፣ እጀታው ወደ ውስጥ» አለች፤ እንዳለችው አደረግሁ። ፎጣውን ምድጃው ላይ አሰጥቼ ስመለስ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ዳቦ ቅቤ ይቀባል።

ኮቴን ከመስቀያው ሥር ከተከመረው መሃል ፈልጌ አወጣሁ። «ደህና አምሹ» አልኩ። አጎቴ ሰባተኛዋ በግ የማን እንደነበረች፣ ጆሮዋ ላይ ምን ምልክት እንዳለ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየሳሉ ነበር፤ ሁሉም ጣታቸውን ለማየት ጎንበስ ብሏል። ሎውሪ ማንቆርቆሪያ ይዛ በአጠገቤ አለፈች።

በሩን ገጥሜ ወጣሁ። የመኪናዬን መስታወት አመዳይ ሸፍኖታል፤ መፋቂያ ስላጣሁ በመንጃ ፈቃዴ ጠርዝ ፋቅሁት። ሞተሩን አስነስቼ፣ ሞቅ እስኪል ጠብቄ፣ ቁልቁለቱን በዝግታ ወረድኩ።